ሸዋገነት የፈረመችበት ዝርዝር

ሸዋገነት በግማሽ ምላጭ የጃኬት ዚፕ እየፈታች ነበር። ምላጩን ለሁለት ሰብራ አንደኛውን ጎን በጨርቅ ጠቅልላ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል ይዛዋለች። ክሩን አንድ በአንድ እየመረጠች ትበጥሳለች እንጂ ጨርቁን አትነካም። የተበጠሰውን ክር በግራ እጇ ለቅማ ጉልበቷ ላይ ባለው ሽርጥ ላይ ታከማቻለች። ጃኬቱ ጥቁር ሰማያዊ የወንድ ጃኬት ነው፤ አንገቱ ጋ ሦስት የዚፕ ጥርስ ወልቆበታል። ምላጩን ከማንሳቷ በፊት ግን እንደ ልማዷ ኪሶቹን ፈትሻለች።

መቀመጫዋ ከጎጃም በረንዳ ወደ ውስጥ በሚገባው ጠባብ መንገድ፣ የነስረዲን ቦንዳ መደብር በር ጥግ ነው። እዚያ ቦታ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጣለች። አንድ የእግር ስፌት መኪና፣ አንድ በርጩማ፣ ዘንጉ በሽቦ የተጠገነ ጥላ፣ በብልቃጥ የተሞላ ልዩ ልዩ ቁልፍ አላት። ነስረዲን ልብሱን ይሸጣል፣ እሷ ዚፑንና ቁልፉን ታድሳለች። እሱ የወሎ ልጅ ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። እሷን «እትዬ ሸዋ» ይላታል፣ እሷ «ነስሩ» ትለዋለች። በጾሟ ከእሷ ፊት አይበላም፣ በጾሙ ከእሱ ፊት ውኃ አትጠጣም። ተነጋግረው አይደለም፤ እንዲሁ የመጣ ነው።

ቦንዳ ማለት ተለብሶ ከውጭ አገር የመጣ ልብስ ነው። በመኪና ተጨምቆ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ በቀጭን የብረት ማሰሪያ ተወጥሮ ይመጣል። ማሰሪያው በቆርቆሮ መቀስ ሲቆረጥ ብረቱ ጮኾ ይዘላል፤ የታመቀው ልብስም እንደ ሊጥ ቡፍ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ በዚያ ተራ ቦንዳ አይከፈትም፤ ይፈነዳል። «ዛሬ ማን ያፈነዳል?» «ሐሙስ ጠዋት አፈነዳለሁ፣ ሰው ይዘህልኝ ና» ይባላል። ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ስለሚመርጥ ነጋዴው ሰው እንዲበዛለት ለየደንበኛው ስልክ ይደውላል። ቃሉን ከሸዋገነት ጋር አንድ ግቢ ስንኖር ከእሷ ሰምቼ እኔም ለምጄዋለሁ፤ አንድም ቀን ክፉ ነገር ሆኖ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ሸዋገነት ከኪስ ያገኘችውን ሳንቲም ለነስረዲን ትሰጠዋለች። ወረቀቱን ግን ለራሷ ትይዛለች። የባቡር ትኬት፣ የገበያ ደረሰኝ፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በዐረብኛ የተጻፈ ግማሽ ደብዳቤ። ምን እንደሚል አታውቅም። ሰው የሌለበት ልብስ ያሳዝነኛል ትላለች፤ ወረቀቱ ሲኖር ባለቤቱ ያለ ይመስላታል። ሁሉንም በአንድ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ታኖር ነበር፤ ጣሳው ዝናብ እንዳይነካው የሚቀመጠው በነስረዲን መደርደሪያ ላይ ነው። ከሁሉ የምትወደው ከአንዲት ሕፃን ካፖርት ኪስ ያገኘችው ሥዕል ነበር። ትልቅ ቤት፣ ብዙ መስኮት፣ ከጣሪያው በላይ ዙሪያዋን ጨረር የተሠራላት ቢጫ ፀሐይ።

ስለ ሸዋገነት አንድ ነገር ልጨምር። ፊርማዋ ያምራል። በልጅነቷ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ስትቆጥር አስተማሪዋ ፊርማ እንድታወጣ ነገሯት፤ አንድ ሳምንት ሙሉ በአመድ ላይ ተለማመደች። የመጨረሻዋን «ት» ወደ ኋላ መልሳ በሙሉ ስሟ ሥር ታሰምርባታለች። በተራው ውስጥ ምስክር የሚያስፈልገው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ይመጣል፤ የኪራይ ውል፣ የዕቁብ ዋስትና፣ የጋብቻ ወረቀት። እስክሪብቶ እንኳ ከሰው አትቀበልም። የራሷ አላት፣ ከመነጽሯ ጋር በአንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ።

ያን ሰሞን ወሬው ሁሉ የፈንጂ ነበር። ሰው የተረሳ ፌስታል ሲያይ ይሸሻል፤ ሚኒባስ ውስጥ ትልቅ ሻንጣ የያዘ ሰው ይገላመጣል። ሸዋገነትም ፈርታ ነበር። መርካቶ ውስጥ ቢፈነዳ መጀመሪያ የምናልቀው እኛ ነን ትል ነበር፤ ፖሊስ በተራው ውስጥ ሲመላለስ ስታይ ደስ ይላት ነበር። ይህን የምጽፈው ማንም ሰው ጥበቃን የጠላች እንዳይመስለው ነው።

ማክሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አምስት ሰዎች መጡ። ሁለቱ የደንብ ልብስ ለብሰዋል፣ ሦስቱ ሲቪል ናቸው። ነስረዲን ለዙህር ሰላት ውዱእ አድርጎ ክንዱ ገና አልደረቀም።

«ነስረዲን አንተ ነህ?» አለ አንደኛው፤ በኋላ መርማሪው እሱ እንደሆነ አወቅን።

«እኔ ነኝ፣ ግቡ።»

«ሐሙስ ልታፈነዳው ያሰብከው የታለ?»

ነስረዲን ጉምሩኮች መሰሉት። የቦንዳ ነገር መንገዱ ሁሉ ቀና አይደለም፤ መጥተው ቢወርሱት ማንም አይደንቀውም ነበር። ክርክር ያባብሳል ብሎ እውነቱን በትሕትና መለሰ።

«ጓዳ ነው ጌታዬ። ገና አልፈነዳም፣ እንዳለ ነው።»

«ስንት ነው?»

«ሁለት። አንዱ የሴት ነው፣ አንዱ የሕፃናት።»

ሲቪል ከለበሱት አንዱ ሽጉጡን አወጣ። አሸብር የሚባለው፣ ከፊት ለፊት ጆንያ የሚሸጠው ጎረቤት፣ ነገሩ ገብቶት በሳቅ ፈነዳ። «ኧረ ጋሼ፣ ቦንዳ እኮ ነው፣ ልብስ» ሊል አፉን ከፈተ፤ የሽጉጡ አፍ ወደ እሱ ሲዞር ሲያይ ግን ሳቁንም ቃሉንም ዋጠው። ነስረዲን ግራ ገብቶት እጁን አነሣ። ከክርኑ ላይ ውኃ ይንጠባጠብ ነበር ትላለች ሸዋገነት።

ጓዳ ገብተው ሁለቱንም ቦንዳ ቆረጡ። ልብስ ወጣ። የሴት ሸሚዝ፣ የሕፃን ካልሲ፣ አንገቱ ላይ ጥንቸል የተሰፋበት ቢጃማ። ሁሉን አራግፈው በእግራቸው በተኑት። እዚያ ላይ ነገሩ ማብቃት ነበረበት። ስሕተት ነበር፣ ይቅርታ ማለት ባይፈልጉ እንኳ ዝም ብለው መሄድ ይችሉ ነበር። እነሱ ግን መዝገብ አወጡ።

«ሁለት የደረጃ ምስክር እንፈልጋለን» አለ መርማሪው። የደረጃ ምስክር ማለት ፖሊስ ሲፈትሽ ቆሞ የሚያይና ዕቃው በእርግጥ እዚያ ተገኘ ብሎ የሚፈርም ሰው ነው። አሸብር ተጠራ። ቀጥሎ ሸዋገነት።

መርማሪው ዝርዝሩን የጻፈው በእሷ የስፌት መኪና ላይ ነው። ገጽ በገለጠ ቁጥር ጣቱን ወደ አፉ ከትቶ ያርሰዋል። አርሶ ይገልጣል፣ ደግሞ ያርሳል። ሸዋገነት ዓይኗን ከዚያ ጣት ላይ ማንሣት አቃታት። የብረት ማሰሪያውን ሰበሰቡ፣ የቆርቆሮ መቀሱን፣ ስልኩን። ከዚያ አንደኛው ከመደርደሪያው ላይ ጣሳውን አወረደ።

«ያቺ ጣሳ እንኳ…» አለች ሸዋገነት።

«ቆይ እናቴ፣ በኋላ» አለ መርማሪው ቀና ሳይል።

በኋላ የሚባል አልመጣም። ወረቀቱ ወደ እሷ ተገፋ። አሸብር ፈርሞ ነበር። እስክሪብቶ ሲዘረጋላት «አለኝ» ብላ የራሷን አወጣች። መነጽሩ ደረቷ ላይ ነበር፤ ወደ ዓይኗ አላመጣችውም። ሙሉ ስሟን ጻፈች፣ «ት»ን ወደ ኋላ መለሰች፣ አሰመረች። መርማሪው አይቶ «ፊርማ ማለት ይኼ ነው» አላት። ደስ አላት። ይህን እሷው ነገረችኝ፤ ደስ ያላትን ያን አፍታ ስታስታውስ እስከ ዛሬ ፊቷን በነጠላዋ ትሸፍናለች።

ነስረዲንን በካቴና ይዘውት ሄዱ። ሚስቱ ሪሐና አሥራ አንድ ቀን ከጣቢያ ጣቢያ ተንከራተተች። አንዱ ጋ «እዚህ የለም»፣ ሌላው ጋ «ጠይቀን እንነግርሻለን»፣ ሦስተኛው ጋ «ባልሽ መሆኑን በምን እናውቃለን» አሏት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ፍርድ ቤት ቀረበ ተባለ። ምርመራው አላለቀም ተብሎ ሃያ ስምንት ቀን ተሰጠበት፤ ቀጥሎ ሌላ ሃያ ስምንት።

ስንቅ ማድረስ ሲፈቀድ ሸዋገነት ከሪሐና ጋር ሄደች። በሩ ላይ ጠረጴዛ አለ፤ ዘቡ እያንዳንዱን ሳህን ከፍቶ በአንድ ሽቦ እስከ ሥሩ ይወጋዋል። ሽቦው ያው አንዱ ነው። ከፊታቸው የቆመችው ሴት ክርስቲያን ነበረች፣ የያዘችው ቀይ ወጥ። ዘቡ ሽቦውን ከሥጋው አወጣና ወጡ እየተንጠባጠበ ወደ ሪሐና ሳህን ሰደደው።

«ወንድሜ፣ እባክህ ጥረገው» አለች ሪሐና። «እኛ የክርስቲያን ሥጋ አንበላም።»

«ሥጋ ሥጋ ነው፣ ባልሽ ሆዱ መች ሃይማኖት አለው» አለ ዘቡ። ጓደኛው ሳቀ።

ከኋላ የነበረች አንዲት ሽማግሌ እናት ደግሞ ጾመኛ ናት፤ ሽሮዋ ውስጥ ያ ሽቦ ሲገባ አየችው። በሽቦው ላይ የደረቀ ቅባት ተጋግሮ ነበር፣ ጫፉ ላይ የትናንትም የትናንት ወዲያም። ሪሐና ሳህኑን ዘግታ ይዛው ተመለሰች። አውቶቡስ ተራ ሲደርሱ ለውሻ ደፋችው። ሸዋገነት ሌላ ጊዜ እኔ የጾም እሠራለሁ፣ ቀድመን ደርሰን ከሁሉም ፊት እንሰለፍ አለቻት። እንደዚያ አደረጉ፤ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሥተው። አንድ ሰው ንጹሕ ምግብ እንዲበላ ይህን ያህል መላ መፈለጉ ለእኔ በኋላ ከሰማሁት ድብደባ ያልተናነሰ ቆሻሻ ነገር ነው።

የነስረዲን ጠበቃ የመጣችው በሦስተኛው ወር ነው። እስከዳር ትባላለች፤ ወጣት ናት፣ ቦርሳዋ በወረቀት ብዛት ዚፑ አልዘጋ ብሏል። ሸዋገነት እየሰማቻት ዚፑን አስተካከለችላት።

«እትዬ፣ የመጀመሪያ ቀን ሳይመቱት ነው ያመነው» አለች እስከዳር። «ሐሙስ ልታፈነዳ ነበር ሲሉት አዎ አለ። ሰው እንዲበዛ ፈልገሃል ሲሉት አዎ አለ። የሴትና የሕፃናት አልክ ሲሉት አዎ አለ። እስከዚያ ድረስ ስለ ልብስ የሚያወሩ መስሎት ነበር።»

«ታዲያ መቼ ገባው?»

«ማን ላከህ ሲሉት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ቦንዳ ነው እያለ አስረዳ። እየቀለድክብን ነው አሉት። ከእነማን ጋር እንደሆነ እንዲናገር… እጁን ነው ያሠቃዩት። ሦስት ገጽ ቃል አስፈርመውታል። ቀኙ ስላልያዘለት የፈረመው በግራው ነው።»

ሸዋገነት ዚፑን አንድ ጥርስ ወደ ፊት ሳበች። ከዚያ እንደ ቀልድም እንደ ምርም አድርጋ «የፊርማ ነገር» አለች።

እስከዳር ቀስ ብላ አስረዳቻት። የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ አለበት፤ በሕገ መንግሥቱ ተጽፏል። ሰውን አሠቃይቶ የተገኘ ቃል ፍርድ ቤት አይቀበለውም። አገራችንም ከሌሎች አገሮች ጋር የገባችው ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን አለ።

«ሽብር ነው ቢባል፣ ጦርነት ነው ቢባል፣ አስቸኳይ ጊዜ ነው ቢባል፣ ሰውን ማሠቃየት የሚፈቀድበት ጊዜ የለም እትዬ። አንድም ቀን የለም። ይህን አገራችን ፈርማለች።»

«ፈርማለች?»

«አዎ።»

«ምናልባት እንደኔ ሳታነብ ይሆናል» አለች ሸዋገነት።

እስከዳር ልትስቅ ፈለገችና ተወችው። «እርስዎ ሳያነቡ ነው የፈረሙት?»

ሸዋገነት ዚፑን እስከ ጥግ ስባ ቦርሳውን መለሰችላት። የዚያን ቀን ነገሩ ለእኛም ለእሷም ግልጽ ሆነ። ነስረዲን ላይ የቀረው ማስረጃ ሦስት ነው። ለደንበኞቹ ሐሙስ አፈነዳለሁ ሲል የተቀዳው ስልክ፣ በግራ እጁ የፈረመው ቃልና ያ ጣሳ። የስልኩን ቃል ማስረዳት ይቻላል፤ የተፈረመውን ቃል እስከዳር ትከራከርበታለች። ጣሳው ግን የማን እንደሆነ የሚያውቅ ከእሱ ሌላ አንድ ሰው ነው። እሱ «የእትዬ ሸዋ ነው» አላለም። ለምን አላልክም ብላ እስከዳር ስትጠይቀው «እሷንም እዚህ ሊያመጧት?» ብሏታል።

ሸዋገነት የዐቃቤ ሕግ ምስክር ተብላ ተቆጥራ ነበርና ከችሎቱ ሁለት ሳምንት በፊት መርማሪው ቢሮ አስጠራት። ሻይ አስመጣላት፣ ብስኩት ከፈተላት። «እናቴ፣ ይጠጡ እንጂ» ይላታል። እናቴ የሚለውን ቃል በየዐረፍተ ነገሩ ጣል ያደርገዋል። የነስረዲንን እጅ እንደዚያ ያደረገ ሰው እሷን እናቴ ይላታል።

«የእርስዎ ነገር አጭር ነው። ዕቃው ሲገኝ አየሁ፣ ፈረምኩ። ይኸው ነው።»

ከፋይሉ ውስጥ ያወጣላት የዝርዝሩን ቅጂ ነው። አሁን መነጽሯን አድርጋ አነበበች። ሁለቱ ቦንዳዎች ተቆርጠው ልብስ መገኘቱ የትም ቦታ አልተጻፈም። በተራ ቁጥር አራት «በልዩ ልዩ የውጭ ቋንቋዎች የተጻፉ የመልእክት ወረቀቶች» ይላል። ተራ ቁጥር አምስት «የአንድ ሕንፃ ንድፍ፣ የፍንዳታ ምልክት ያለበት»። ፎቶ ኮፒው አብሮ ተያይዟል። ቢጫዋ ፀሐይ በኮፒው ላይ ጠቁራለች፤ ጨረሮቿ ወደየአቅጣጫው ይወረወራሉ።

«ይቺ እኮ ፀሐይ ናት» አለች።

«ማን አለ?»

«ልጅ የሣላት ናት። ቢጫ ናት። ከሕፃን ካፖርት ነው ያገኘኋት።»

መርማሪው ብስኩቱን እያኘከ ለጥቂት ጊዜ አያት። ፍርፋሪው በዝርዝሩ ላይ፣ በፊርማዋ ላይ ወደቀ። እፍ አለው። አንዲት እርጥብ ጠብታ ስሟ ላይ ቀረች።

«እናቴ፣ ጣሳው የኔ ነው የሚሉ ከሆነ» አለ በለሰለሰ ድምፅ፣ «በእርስዎም ስም ሌላ መዝገብ መክፈት ሊኖርብን ነው። ያን ደግሞ ማናችንም አንፈልግም። ሻይዎ ቀዘቀዘ።»

ማታ ቤት ስትገባ እጇን በሳሙና ታጠበች። ከዚያ ደግማ ታጠበች። ምን ነካሽ ስላት «ያንን ሻይ ጠጣሁት» አለችኝ። «ቀዘቀዘ ሲለኝ አንሥቼ ጠጣሁት።»

በችሎቱ ቀን እኔም አብሬ ሄድኩ። መጀመሪያ የተጠራው አሸብር ነው። አየሁ፣ ፈረምኩ፣ ሌላ የማውቀው የለም ብሎ ወጣ። ማፈንዳት ምን ማለት ነው ብላ እስከዳር ስትጠይቀው «እኔ ጆንያ ነው የምሸጠው» አለ። ሃያ ዓመት በቦንዳ ተራ የኖረ ሰው ነው።

ሸዋገነት ስትገባ ነስረዲን ተከሳሽ መቆሚያው ውስጥ ነበር። ከስቷል። ዳኛው ሲገቡ ሰው ሁሉ ሲነሣ እንጨቱን በግራ እጁ ይዞ ተነሣ። ቀኙ እንጨቱ ላይ ተጋድሞ ነበር። ሸዋገነት ሥራዋ ነውና ሰው ስታይ መጀመሪያ እጅ ታያለች። ሁለት ጣቶቹ ጥፍር የላቸውም። በሦስተኛው ላይ አዲስ ጥፍር ለመብቀል ጀምሯል፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ እንደ ሽንኩርት ውስጠኛ ልጣጭ። ልብስ እያጠፈ ያቀብላት የነበረው በዚያ እጁ ነው። 

ዐቃቤ ሕጉ ጣሳውን አሳይቶ ጠየቃት። «ይህ ከተከሳሹ መደብር ሲገኝ አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

«ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ጨርሻለሁ» ብሎ ተቀመጠ።

እስከዳር ተነሣች። «እትዬ፣ ጣሳው የማን ነው?»

 ከኋላችን የመርማሪው ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

«የኔ ነው» አለች ሸዋገነት። ድምፅዋ ቀጭን ነውና የመሐል ዳኛው «ከፍ አድርገው ይናገሩ» አሏት። «የኔ ነው። ወረቀቱን ሁሉ ከልብስ ኪስ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ነስሩ ውስጡን ከፍቶ አይቶት አያውቅም።»

ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሯ ቃላቸውን እየቀየሩ ነው፣ በሐሰት ምስክርነት…» ሲል ዳኛው በእጃቸው አስቀመጡት። «አሁን ከተናገሩት ጋር የሚጣላ ምን አሉ? ይቀጥሉ።»

«ሲፈርሙ ዝርዝሩን አንብበውታል?» አለች እስከዳር።

«አላነበብኩትም።»

«ማንበብ ይችላሉ?»

«እችላለሁ። መነጽሬም ነበረኝ።» ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ጨመረች፦ «ቦንዳዎቹን ሲቆርጧቸው አይቻለሁ። ልብስ ብቻ ነው የወጣው። ባነበው ኖሮ ያ እንዳልተጻፈ አውቅ ነበር። ጣሳውንም በዚያው ቀን የኔ ነው ማለት ነበረብኝ። በኋላ አሉኝ፣ ዝም አልኩ።»

የመሐል ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህ ማፈንዳት የምትሉት ነገር ምንድን ነው?»

ሸዋገነት በእጇ አሳየቻቸው። ማሰሪያው እንዴት እንደሚወጠር፣ መቀሱ የት እንደሚገባ፣ ብረቱ ዓይን እንዳይመታ እንዴት ፊትን እንደሚያዞሩ። የሴት ለብቻ፣ የወንድ ለብቻ፣ የሕፃናት ለብቻ እንደሚመጣ። አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። ሥዕሉ ዋናው ይምጣ ብለው አዘዙ። ከኤግዚቢት ክፍል እስኪመጣ ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ሲመጣ ፀሐይዋ ቢጫ ነበረች። ዳኛው አዩዋት፣ ለቀኝ ዳኛው አሳዩ፣ ለግራ ዳኛው አሳዩ፣ መልሰው ፋይሉ ላይ አስቀመጡ። ሰባት ወር ሙሉ ያችን ወረቀት አንሥቶ ያየ አንድ ሰው አልነበረም ማለት ነው። ወይም ያየ ነበር፤ ያ ደግሞ የባሰ ነው።

ስንወጣ አሸብር ደረጃው ላይ ጠበቃት። «አንቺ ሸዋ፣ ምን አስለፈለፈሽ? አየሁ ብለሽ አትወጪም?»

«አንተ ቦንዳ ምን እንደሆነ አታውቅም አሉ» አለችው።

«የንግድ ፈቃዴን ሲከለክሉኝ አንቺ ልታሳድሽልኝ ነው?»

 ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆንያ የምትገዛው ከታች ካለው ሱቅ ነው።

በአምስተኛው ሳምንት ውሳኔ ተነበበ። በማሠቃየት የተገኘ መሆኑ ያልተስተባበለ ቃል በማስረጃነት አይያዝም፤ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ይሰናበት። እስከዳር አለቀሰች። ስለ ጥፍሮቹ በውሳኔው ውስጥ አንድ መስመር አለ፤ የሚመለከተው አካል ያጣራ ይላል። የሚመለከተው አካል እስካሁን አልመጣም። መርማሪው በዚያው ቢሮ አለ፤ ባለፈው ሳምንት በተክለ ሃይማኖት በኩል ሲያልፍ ሸዋገነትን አይቷት «ደኅና ነዎት እናቴ?» ብሏታል።  ሰላምታው እንደ ንፍጥ ተጣበቀብኝ አለችኝ፤ ከዚህ የተሻለ አባባል እኔም አላገኘሁም።

ነስረዲን ቤቱ ገባ። መደብሩ ለሌላ ሰው ተከራይቷል፤ ታሽጎ ከርሞ የተበተነውን ልብስ አይጥ በልቶታል። ተራው በሙሉ እንኳን ለቤትህ አበቃህ ሊለው እየተቧደነ ሄደ። አሸብር ሳይቀር ሄደ፤ ተቃቅፈው ተሳሳሙ አሉ። ሪሐና ለሸዋገነት ሁለት ጊዜ ደወለች፣ «እትዬ፣ ይጠይቅሻል እኮ፣ ምነው ቀረሽ?»

ሸዋገነት ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ ትልቅ ዳቦ ገዛች። ነጠላዋን ለበሰች፣ ወጣች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሳ መጣች፤ ስኳሩም ዳቦውም በእጇ ነው። ከአውቶቡስ ተራ በላይ ካለው ከእነነስረዲን ግቢ በር ደርሳ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ነስረዲን ደጁ ላይ ቆሞ እንግዳ ይሸኛል፤ የሚጨብጣቸው በግራ እጁ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው «በግራ ነው፣ ይቅርታ» ይላል። በግራ መጨበጥ ነውር ነውና ይቅርታ የሚጠይቀው እሱ ነው።

«ይቅርታ ይበለኝ ብዬ ልጠብቀው?» አለችኝ። «እኔ በቀኜ ፈርሜ?»

ዳቦውን ለግቢው ልጆች ቆረሰችላቸው። ስኳሩን ከነፌስታሉ መደርደሪያው ላይ አኖረችው። ቅዳሜ እሄዳለሁ አለች፤ ቅዳሜ ሥራ በዛብኝ አለች። ሪሐና ደግማ ስትደውል ስልኩ እጇ ላይ እየጠራ ነበር፤ አየችውና ገልብጣ የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠችው። እስከ ዛሬ አልሄደችም።